ሮቶ ውስጥ የዋኘችው ሮቦት ኩሬ ስትገባ ለምን ሰመጠች? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያው ደብዳቤ፣ ከጅማ

ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነዎት፣ ዓምድዎን ሁሌ ነው የምናነበው። እኛ ጅማ ኢንጂነሪንግ የምንማር አራት ልጆች ነን፣ ዘንድሮ ተመራቂ ነን። ለመመረቂያ ብለን ውሃ ውስጥ የምትሄድ ትንሽ ሮቦት ሠርተናል፣ ገላዋ ወፍራም የፒቪሲ ቱቦ ነው፣ ሁለቱን ጫፍ በክዳን ገጥመን ዙሪያውን ሲሊኮን ለቀለቅነው፣ ውስጧ ራስበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር አለች፣ ባትሪ አለ፣ ከውጭ ሰው ያመጣልን የጥልቀት ሴንሰር አለ፣ የሚገፏት አራት ትናንሽ ዲናሞዎች ናቸው። ሮቶ ውስጥ ስንሞክራት በጆይስቲክ ግራ ቀኝ ላይ ታች እንደ ዓሣ ነበር የምትሄደው፣ ቪዲዮውን ያየ ሁሉ አጨበጨበልን። ከዛ ባለፈው ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የመስኖ ኩሬ ወሰድናት፣ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ፀሐይ ላይ አስቀምጠን ሁሉን አዘጋጅተን "አንድ ሜትር ላይ ቁሚ" ብለን ለቀቅናት፣ ቀጥ ብላ ወርዳ ጭቃ ውስጥ ተተከለች። ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልወጣችም፣ በመጨረሻ አንዷ ጓደኛችን እስከ ወገቧ ገብታ በኬብሉ ጎትተን ስናወጣት ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልታለች፣ ራስበሪ ፓይዋም ሞቷል። አሁን ጓደኞቻችን "ባሕር የሌለው አገር ቁጭ ብላችሁ የባሕር ሮቦት ምን ይሠራላችኋል" ይሉናል። እኛ ግን አንድ ቀን እውነተኛ ባሕር እናስገባታለን ብለን ነው የጀመርነው። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትነው? ከሮቶ እስከ ባሕር ያለው መንገድስ ምን ይመስላል? ቀጥሎ ቦዬ ረግረግ ወይ ጊቤ ግድብ ልንሞክራት አስበናል።

መልስ

ልጆች፣ ደብዳቤያችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "አንድ ሜትር ላይ ቁሚ ብለን" የምትለዋ ጋ ስደርስ ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ ቀነስኩ፣ ሮቦታችሁ እኮ አልተበላሸችም ነበር፣ ያዘዛችኋትን ነው ያደረገችው።

የጥልቀት ሴንሰር የምንለው ነገር የሚለካው ግፊት ነው፣ የውሃውንም ከውሃው በላይ ያለውን አየርም አንድ ላይ ደምሮ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙትን ኮድ የጻፈው ሰው ብዙ ጊዜ ባሕር ጠረፍ ነው የሚኖረው፣ ስለዚ የአየሩ ግፊት 1013 ሚሊባር ነው ብሎ ይነሳል። ጅማ ግን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ እዚህ የአየሩ ግፊት 820 ሚሊባር ገደማ ነው። ልዩነቱ 190 ምናምን ሚሊባር መጣ፣ አንድ ሜትር ውሃ ደሞ ወደ 98 ሚሊባር ነው የሚጫነው፣ አካፍሉት፣ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሮቦቷ ገና ውሃው ላይ ተንሳፋ እያለች "ከውሃው በላይ ሁለት ሜትር አየር ላይ ነኝ" ብላ ነው የምታምነው ማለት ነው፣ አንድ ሜትር ላይ ቁሚ ስትሏት ሦስት ሜትር መውረድ አለብኝ አለች፣ ኩሬያችሁም ሦስት ሜትር ነው፣ በቃ ጭቃው ጋ ደርሳ ቆመች።

ማስተካከያው አንድ መስመር ኮድ ነው፣ ከመጥለቋ በፊት ውሃው ላይ እያለች የምታነበውን ግፊት ዜሮ ብላ ትያዝ፣ በየቀኑ፣ በየቦታው። ግን ኮዱን ብቻ አትመኑ፣ ቀጭን ገመድ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ ቋጥራችሁ ሮቦቷን ቀስ እያላችሁ አውርዷትና ቋጠሮው የሚለውና ሴንሰሩ የሚለው መግጠሙን እዩ።

ሮቶው ውስጥ ለምን አልታየም ካላችሁ፣ በጆይስቲክ ስትነዷት ጥልቀቱን የሚጠብቀው ዓይናችሁ ነበር፣ ስህተቱ ያኔም ነበረ፣ እጃችሁ ነው የሸፈነው። ከላብራቶሪ ወጥቶ ባሕር የሚገባ ሮቦት ላይ ሁሉ የሚደርሰው ይሄ ነው፣ ላብ ውስጥ አጠገቡ ሰው አለ፣ ሲጋደል የሚያቀና፣ ኬብል ሲወልቅ የሚሰካ፣ ባሕር ውስጥ ግን ማንም የለም። ማንም የለም የምለው ሩቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የባሕር ውሃ ሬድዮ አያሳልፍም፣ ዋይፋይ ጥቂት ሳንቲሜትር ሳይሄድ ይሞታል፣ ጂፒኤስ ከውሃ በታች የለም። የሚሄደው ድምፅ ነው፣ ድምፅ ደሞ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር አካባቢ ነው የሚጓዘው፣ ስለዚ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቃ ያለች ሮቦት ጋር "ደህና ነሽ?" ብላችሁ "ደህና ነኝ" እስክትል ሁለት ሰከንድ ያልፋል፣ የምትልኩትም ጥቂት ቃል እንጂ ቪዲዮ አይደለም። እዛ ታች ከድንጋይ ጋር ብትጋጭ ራሷ ወስና ራሷ መውጣት አለባት።

አሁን ውሃ ወደገባበት ጉዳይ። ፀሐይ ላይ አስቀመጥናት ብላችኋል አይደል። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር 45 ዲግሪ ደርሶ ከሆነና 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከገባች የውስጡ ግፊት ስምንት ፐርሰንት ያህል ይወርዳል፣ ይሄ ገና ውሃው ላይ እያለች ከግማሽ ሜትር በላይ ውሃ እንደተጫናት ነው፣ ቱቦዋ ራሷ ውሃውን ወደ ውስጥ ትስባለች። በዛ ላይ ሦስት ሜትር ወረደች። ሲሊኮን ደሞ መስኮት ላይ ጥሩ ነው፣ ተከፍቶ ለሚዘጋ ዕቃ ግን አይሆንም። ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ጋራዥ ያሉ መካኒኮችን ጠይቁ፣ ልክ ልኩ አላቸው፣ ክዳኑን ቶርኒተሪ ቤት ወስዳችሁ ለኦሪንጉ ቦይ አስወጡለት።

ስለ ኦሪንግ አንድ የራሴን ልንገራችሁ። ውጭ አገር ስማር ባሕር ጠረፍ ያለ ላብራቶሪ ውስጥ ትንሽ እሠራ ነበር፣ አንድ የክረምት ጠዋት ሮቦቷን በትንሽ ጀልባ ይዘን ወጣን፣ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል፣ ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስምንት ሜትር ላይ ስትደርስ የውሃ ገባ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ጎትተን አውጥተን ስንከፍታት ውስጧ አንድ ማንኪያ የሚሆን ውሃ አለ፣ ኦሪንጉን ብርሃን ላይ ይዘን ስናዞረው ከላዩ አንዲት የሱፍ ክር ተጋድማለች፣ ከጸጉር አትወፍርም፣ ግራጫ። ሹራቤ ግራጫ ነበር። የዛን ቀን ጀልባ፣ ነዳጅ፣ የአራት ሰው ቀን በዛች ክር ሄደ። ከዛ በኋላ ኦሪንጉን በጣቴ ጫፍ ዙሪያውን ሳልዳስስ ዘግቼ አላውቅም፣ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ የሚዳሰሰው ይታወቀኛል።

ከመጥለቋ በፊት ደሞ ፈትኗት። ትልልቆቹ ቤተ ሙከራዎች የሚያደርጉት ውስጧን አየር በቫኪዩም ፓምፕ መጥጠው ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነቃነቅ መቆሙን ማየት ነው። ጅማ ውስጥ ይሄ ዕቃ የት ይገኛል ካላችሁ ፍሪጅ ጠጋኞች ጋ ነው፣ ፓምፑም ጌጁም አላቸው፣ ሻይ ጋብዛችሁ ለምኗቸው። ጌጁ ከተንቀሳቀሰ ያ ቀን ውሃ የለም፣ ወደ ቤት ነው።

እንግዲህ ሐይቅ ላይ ሠራች እንበል፣ ባሕር ላይስ? የባሕር ውሃ ከጣፋጭ (ጨው ከሌለው) ውሃ ይከብዳል፣ ሊትሩ 1 ኪሎ ከ25 ግራም ገደማ ነው። ሮቦታችሁ 20 ሊትር ቦታ የምትይዝ ከሆነ ጅማ ላይ ሚዛኗን ጠብቃ ትቆምና ጅቡቲ ስትገባ ግማሽ ኪሎ ያህል ወደ ላይ የሚገፋት ነገር ታገኛለች፣ በነዛ ትናንሽ ዲናሞዎች ልትሰጥም ብትታገል ባትሪዋን ትጨርሳለች እንጂ አትወርድም። ግማሽ ኪሎ እርሳስ ሆዷ ላይ የሚታሰርበት ቦታ ከአሁኑ ይኑራት። ጨው ደሞ ሌላ ነው፣ አሉሚኒየም ላይ የማይዝግ ብረት ብሎን አስራችሁ ጣፋጭ ውሃ ውስጥ ዓመት ብትከቱት ብዙም ላይታይባችሁ ይችላል፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ግን ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ይሆኑና አሉሚኒየሙ ይበላል። ለዚህ ነው መርከብም ሮቦትም ላይ ቁራጭ ዚንክ የሚለጠፈው፣ ዝገቱ ዚንኩን ይብላ ተብሎ። ይሄን ለማየት ባሕር አያስፈልጋችሁም፣ መቶ ሊትር በርሜል ውስጥ ሦስት ኪሎ ተኩል የገበያ ጨው አሟሙና ብሎናችሁን፣ ኬብላችሁን፣ ዲናሟችሁን ከታችሁ አንድ ወር ተዉት፣ በየሳምንቱ ፎቶ አንሱ። ያ ፎቶ ከምትጽፉት ወረቀት ብዙ ያስተምራችኋል።

መንገዱ ምን ይመስላል ላላችሁኝ የሁለት ሮቦት ታሪክ ልንገራችሁ (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንደኛዋ ሬመስ ትባላለች፣ አሜሪካ ዉድስ ሆል የሚባል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ውስጥ በ1990ዎቹ የተሠራች ናት። ትንሿ ሞዴል 40 ኪሎ አትሞላም፣ እስከ 100 ሜትር ነው የምትወርደው፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ ከትንሽ ጀልባ ይለቃታል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይቺ ሁለት ሰው የምትለዋ ነገር ናት፣ ምክንያቱም ትልቅ የምርምር መርከብ በቀን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው የሚፈጀው፣ ክሬን የሚፈልግ ሮቦት የሠራ ሰው ሳያስበው የመርከብ ኪራይም አብሮ ሠርቷል። ለጠረፍ ውሃ ጥናት የተሠራችው ሬመስ ፈንጂ ለሚፈልጉ ሰዎችም ሆነች፣ በ2001 እሷን አምርቶ የሚሸጥ ሃይድሮይድ የሚባል ኩባንያ ከተቋሙ ወጣ፣ በ2003 ኢራቅ ኡም ቃስር ወደብ መግቢያው ላይ ፈንጂ ስትፈልግ ነበር። ትልቋ እህቷ ሬመስ 6000 ደሞ በ2009 አትላንቲክ ላይ ወድቆ 228 ሰው ያለቀበትን የኤር ፍራንስ 447 አውሮፕላን ከሁለት ዓመት ፍለጋ በኋላ በሚያዝያ 2011 ወደ 3,900 ሜትር ጥልቀት ላይ አገኘችው። ከቤተ ሙከራ እስከዚህ አስር ምናምን ዓመት ነው፣ በመሃል ያለው ሁሉ ማጥለቅ፣ ማውጣት፣ መፍታት፣ መጠገን፣ እንደገና ማጥለቅ ነው።

ሁለተኛዋ የተማሪዎች ናት። ግላይደር የሚባሉ ሮቦቶች አሉ፣ ፕሮፔለር የላቸውም፣ ሆዳቸውን በጥቂቱ እያሰፉና እያጠበቡ ይወርዳሉ ይወጣሉ፣ በክንፋቸው ወደ ፊት ይንሸራተታሉ፣ ባትሪ ስለማይጨርሱ ወራት ይቆያሉ። የረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ አብረዋቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችም ነበሩ፣ አትላንቲክን አሻግራለሁ ብለው በ2008 አንድ ላኩ፣ አዞረስ ደሴቶች ሳይደርስ ጠፋ። አላቆሙም፣ በሚያዝያ 2009 ሌላ ላኩ፣ ስካርሌት ናይት የምትባል፣ መንገድ ላይ ቅርፊታም የባሕር ፍጡራን ገላዋ ላይ ተጣብቀው ስላከበዷት ጠላቂዎች ሄደው አጽድተዋታል፣ ከ221 ቀን በኋላ ታኅሣሥ ላይ ስፔን ደረሰች። በናንተ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው መንገዷን ሲከታተሉ የነበሩት።

ትልልቆቹም ያጣሉ። እንግሊዞቹ ኦቶሰብ ቁጥር ሁለትን በ2005 አንታርክቲካ በረዶ ሥር አጥተዋታል። ኤቢኢ የምትባለው ለ222ኛ ጊዜ ስትጠልቅ ቺሊ ጠረፍ ላይ በ2010 ቀረች፣ ኔሬዎስ ደሞ በ2009 ማሪያና ሸለቆ 10,902 ሜትር ወርዳ የተመለሰችው፣ በ2014 ኒውዚላንድ ሰሜን ከርማዴክ ሸለቆ 9,900 ሜትር ላይ ተሰባብራ ስብርባሪዋ ብቻ ተንሳፎ ወጣ። ይሄን የምነግራችሁ ራስበሪ ፓይ ስለሞተ እንዳታዝኑ ነው።

አሁን ወደ ጊቤ። ደብዳቤያችሁ ውስጥ ያላገኘሁት አንድ ነገር ሮቦቷን ማን ነው የሚፈልጋት የሚለው ነው። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ ሐይቁ ውስጥ የሚገባው ደለል የታወቀ ጭንቀት ነው፣ ከሱ የሚወጣው ውሃ ደሞ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አቋርጦ ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ሂዱና እዛ የሚሠሩ ሰዎችን ጠይቁ፣ ፈቃድም ከነሱ ነው የሚገኘው፣ ዝም ብሎ ግድብ ዳር ሮቦት ይዞ መሄድ አይሆንም። ወለሉ ምን ያህል እንደተሞላ በምን ነው የሚለኩት? ጀልባ አላቸው? ዕቃውን ማን ይሸከማል፣ ሲበላሽ ማን ይፈታዋል? ጊቤ በክረምት ቀይ ድፍርስ ነው፣ ካሜራችሁ ከክንዳችሁ አልፎ አያይም፣ የሚሠራው በድምፅ የሚያይ ሶናር ነው። እንዲያውም ምናልባት የምትጠልቅ ሮቦት ላያስፈልጋቸው ይችላል፣ ላይ ላዩን በጂፒኤስ መስመር ይዛ እየቀዘፈች ጥልቀቱን በኤኮ ሳውንደር (ድምፅ ወደ ታች ልኮ ጥልቀት በሚለካ ዕቃ) የምትመዘግብ ትንሽ ጀልባ ትበቃቸው ይሆናል። እንደዛ ካሏችሁ እሷን ሥሩ። እኔ ብሆን አሁን ያለችውን ትቼ ያቺን ነበር የምጀምረው፣ ምክንያቱም በየወሩ የሚጠቀምባት ሰው ያላት ሮቦት በስድስት ወር ውስጥ ከናንተ ቱቦ የበለጠ ባሕር የሚችል ዕቃ ትሆናለች፣ የሚበላሸው ሁሉ ይታያል፣ የሚነግራችሁ ሰውም አለ።

ከዛ በኋላ ደረጃ በደረጃ ነው፣ ሮቶ፣ መዋኛ ገንዳ፣ ኩሬ በገመድ፣ ጊቤ፣ ከዛ ጥልቀት ስትፈልጉ ሻላ አለላችሁ፣ 266 ሜትር፣ ውሃውም ጨዋማ ስለሆነ ለባሕር ጥሩ መለማመጃ ነው፣ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስላለ ግን እሱም ፈቃድ አለው። ጅቡቲ ጠረፍ መጨረሻ ላይ ትመጣለች፣ የሌላ አገር ባሕር ላይ ምርምር ለማድረግ የባለቤቱ አገር ስምምነት የግድ ነው፣ ወረቀቱ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ቀድሞ ይጀመራል።

ባሕር የለንም ለሚሏችሁ ደሞ፣ ስዊዘርላንድም የላትም። የዓለምን ጥልቅ ቦታ ማሪያና ላይ ጥር 1960 የወረዱት ሁለት ሰዎች አንደኛው ዣክ ፒካር ነው፣ ስዊዛዊ፣ የወረዱባትን ጠላቂ መርከብ ትሪየስትንም የነደፉት አባቱ ኦጉስት ፒካር ናቸው፣ ፕሮፌሰር ነበሩ፣ ከዛ በፊት ደሞ በ1931 በባሉን ሰማይ የወጡ ሰው ናቸው። ሩቅም አትሂዱ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር የዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ የባሕር መሐንዲሶች እየሰለጠኑ ነው።

ቦዬን ግን ተዉት። ጉማሬ አለ። እስከ ወገቧ ስለገባችው ልጅ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ደብዳቤ፣ ከአጋሮ

ሰላም ነው፣ አባቴ ቡና ገበሬ ነው፣ ስለ ባሕር ሮቦት ስልኬ ላይ ሳነብለት "እነዚ ሰዎች ገንዘባቸውን ባሕር ውስጥ ይጥላሉ፣ ለኛ ምን ይሠራልናል፣ ጠይቅልኝ" አለኝ። እኔም መልስ አጣሁ።

መልስ

ለአባትህ እንዲህ በልልኝ። አባባ፣ አርጎ የሚባሉ ሮቦቶች አሉ፣ ረዘም ያሉ ቱቦዎች ናቸው፣ በአሁኑ ሰዓት ዓለም ባሕር ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉ አሉ። እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ወርዶ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ በየአስር ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ይወርድና ወደ ላይ እየወጣ የውሃውን ሙቀትና ጨው ይለካል፣ ላይ ሲደርስ በሳተላይት ይልክና ተመልሶ ይወርዳል። አብዛኞቹን ማንም መጥቶ አያነሳቸውም፣ ባትሪያቸው እስኪያልቅ እዛው ይሠራሉ። የሚልኩት መረጃ ለማንም ሰው ነጻ ነው፣ እኔም ልጅዎም ስልካችን ላይ ማየት እንችላለን።

ለቡናው ምን አገባው ካሉ፣ የኛ ዝናብ የሚዘጋጀው ባሕር ላይ ነው። ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ የአገራችን ሰፊ ክፍል የክረምት ዝናቡ ያጥራል፣ የ2015ቱን ያስታውሳሉ፣ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ይፈልጋል የተባለበት ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ በኩል ሲሞቅ ደሞ ከጥቅምት ጀምሮ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ከባድ ዝናብ ይመጣል፣ 2019 ላይ እንደዛ ነው የሆነው። ጥቅምትና ኅዳር ማለት እሸት ቡናው ተለቅሞ አልጋ ላይ የሚሰጣበት ጊዜ ነው፣ ያኔ ዝናብ ከመጣ ሸራ ይዞ መሮጥ ነው፣ ጀንፈሉ ይሻግታል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ይሄን እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ባሕሩ ከላይ ሲሞቅ ሳተላይት ያያል፣ ከሥር ያለውን ሙቀት ግን ሳተላይት አያየውም፣ ከወራት በኋላ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ያንን የሚያየው አርጎ ነው። የዓለም የአየር ትንበያ ማዕከሎች ይሄን ሂሳባቸው ውስጥ ይጨምሩታል፣ የኛም ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል ሲል የባሕሮቹን ሙቀት አይቶ ነው። ሮቦቱ ሐሙስ ቀን እርስዎ ማሳ ላይ ይዘንባል አይዘንብም አይነግርዎትም፣ መጪው ወቅት ወደ የት እንዳዘነበለ ነው የሚናገረው፣ ሸራ ቀደም ብሎ ለመግዛት ግን ያ ይበቃል።

እነዚም ቢሆኑ በአንድ ቀን አልመጡም። ዳግላስ ዌብ የሚባል መሐንዲስና ረስ ዴቪስ የሚባል የውቅያኖስ ተመራማሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተንሳፋፊ ሮቦት ሠሩ፣ በዛ ላይ ተሻሽሎ ተሻሽሎ አርጎ በ1999 መጣል ተጀመረ፣ 3,000 የደረሱት በ2007 ነው። ቅድም የነገርኳችሁ የአትላንቲኳ ግላይደርም ከዌብ እጅ የወጣ ሥራ ናት፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ "ሆዱን እያሰፋ የሚወጣ እያጠበበ የሚወርድ ቱቦ" ላይ ሠርቶ፣ ዛሬ አጋሮ ያለ ገበሬ ሳያውቀው ይጠቀምበታል። እኔ ይሄን ሳስብ ልቤ ይሞቃል።

ሦስተኛው ደብዳቤ፣ ከጅማ

ወንድሜ ሰላም ለርስዎ ይሁን። ልጄ ከነዛ ሮቦት ከሠሩት ልጆች አንዷ ናት፣ ለመጽሔት ጥያቄ ላክን ብላ ነገረችኝ። የዛን ቀን ልብሷ እስከ ወገቧ ረጥቦ ጭቃ ሆና መጣች፣ ስጠይቃት ሮቦቷን ለማውጣት ገባሁ አለችኝ። ዋና አትችልም። ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ ልከልክላት ወይስ ልተዋት? ብከልክላት ዕድሏን የዘጋሁ ይመስለኛል፣ ብተዋት ደሞ እፈራለሁ።

መልስ

እትዬ፣ ፍርሃትዎ ልክ ነው፣ ልጅዎም እንድታነበው ነው እዚህ የምመልሰው። አይከልክሏት። ግን ሳይስማሙ ኩሬ ዳር እንዳትሄድ።

ሮቦት ውሃ ውስጥ የሚላከው ሰው እንዳይገባ ነው። ኔሬዎስ 9,900 ሜትር ላይ የተሰባበረች ቀን መርከቡ ላይ የነበሩ ሰዎች አዝነዋል፣ ግን ሁሉም ቤታቸው ገብተዋል። ስለዚ ልጆቹ መካከል አንድ ደንብ ይኑር፣ ሮቦቷ ከቀረች ትቅር፣ ተከትሏት የሚገባ ሰው የለም። የመስኖ ኩሬ ከሐይቅ ይብሳል እንጂ አይሻልም፣ ዳሩ ያዳልጣል፣ ሥሩ ጭቃ ነው፣ እግር ይዞ ያስቀራል። የቆመ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያም ሊኖር ይችላል፣ እና ያን ቀን ስለገባች ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ፣ አሁን ምንም ባይሰማትም።

ቀጥሎ፣ ውሃ ዳር የሚቆም ሁሉ ላይፍ ጃኬት ይልበስ፣ አራቱም፣ ዋና የሚችለውም። አራት ካልተገኘ ጃኬት ያላገኘው ልጅ ኮምፒውተሩን ይዞ ከዳር ይራቅ። ዋና ደሞ ከተማው ውስጥ መዋኛ ካለው ሆቴል ሄዳ ዘንድሮውኑ ትማር፣ ለዚህ ሙያ ከፕሮግራሚንግ እኩል የሚያስፈልግ ነው፣ ወደፊት መርከብ ላይ ልውጣ ብትል መጀመሪያ የሚጠይቋት እሱን ነው።

ሮቦቷን ደሞ በዳታ ኬብሉ ነው የጎተቷት፣ እሱ ለመጎተት የተሠራ አይደለም፣ ቢበጠስ ኖሮ ልጅዎ ወደ ኋላዋ ትወድቅ ነበር። ጠንካራ የናይለን ገመድ ለብቻው ሮቦቷ ገላ ላይ ይታሰር፣ ሌላው ጫፍ ዳር ላይ ዛፍ ወይም ችካል ላይ፣ አንድ ሰው ደሞ ሥራው ያንን ገመድ መያዝ ብቻ ይሁን፣ ስልክ አያይም፣ ፎቶ አያነሳም፣ ገመድ ብቻ። ትልልቆቹም መርከቦች ላይ እንደዛ ነው የሚደረገው፣ ያ ሰው "አውጡ" ካለ ይወጣል፣ ፕሮፌሰሩም አይከራከረውም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እርስዎም አብረዋት ይሂዱ። ገመዱን እርስዎ ይያዙት።